ሴሲል ሆይልና የጎረቤታቸው እሳት

በረዶ በጣለ ማግስት ማለዳ ነበር። ወደ ሥራ ልወጣ ስል መጋረጃዬን ገለጥ ባደርግ፣ ከመንገዱ ማዶ ሚስተር ሴሲል ሆይል ባልዲ አንጠልጥለው ቆመዋል። ግራ ቀኙን ቃኙ። ማንም እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ ጎንበስ ብለው ሚሲዝ ሾው ጠዋት ጠዋት በሚወርዱበት ደረጃ ላይ ጨውና አመድ በተን በተን አደረጉ። ሚሲዝ ሾው የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ገና ሳይነጋ ይወጣሉ፤ ባለፈው ክረምት እዚያው ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ክንዳቸው ተሰብሮ ነበር። ሚስተር ሆይል ሲጨርሱ ዶሮ እንደሰረቀ ሰው አጎንብሰው ወደ ቤታቸው ሹልክ አሉ። የራሳቸውን ደጃፍ አልነኩትም። ጨው በነጻ አይገኝም።

ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም። ብናገርም የሚያምነኝ አልነበረም። በዚህ ከድሮው የጥጥ ፋብሪካ ሥር በተደረደረ መንገዳችን ሚስተር ሆይል የሚታወቁት በሌላ ነገር ነው። የሻይ ከረጢታቸውን አንዴ ከነከሩ በኋላ በመስኮቱ ላይ አድርቀው ለነገ ያቆዩታል። የጸሎት ቤታችንን ማሞቂያ የመክፈት ኃላፊነት የእሳቸው ነው፤ የሚከፍቱት ሁለተኛው መዝሙር ሲጀመር ስለሆነ አዳራሹ የሚሞቀው ምእመኑ ካፖርቱን ለብሶ ሲወጣ ነው። አንድ ጊዜማ በረጅሙ ጸሎት መካከል መብራቱን አጠፉት። ፓስተራችን ምን ሆነው እንደሆነ ሲጠይቋቸው፣ ሰው ሲጸልይ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ታዲያ መብራቱ ለማን ነው የሚበራው ብለው መለሱ።  እኔ ለዚህ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የጋዝ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። በየቤቱ ደረጃ ሥር እየተንበረከኩ፣ ፋኖስ አብርተው፣ ማን ምን ያህል እንዳነደደ ሲመዘግቡ ጡረታ ወጡ። ካህን የማያውቀውን የሰው ምስጢር እሳቸው ያውቃሉ። የትኛዋ ሴት ባሏ ሲወጣ ምድጃውን እንደምትለኩስ፣ የትኛው ዲያቆን መኝታ ቤቱን እንደሚያሞቅ አንድ በአንድ ይናገራሉ። በእሳቸው ሃይማኖት አሥር ትእዛዛት ላይ የተጨመረ አለ፦ ሹራብ ደርብ። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው ዊኒ ቤት ውስጥ ካፖርታቸውን የሚያወልቁት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር ይባላል። እንግዳው እንዳያፍር ነው።

ፋብሪካው ሲዘጋና ሰው ቤቱን በርካሽ እየሸጠ ሲሄድ፣ ሚስተር ሆይል ከራሳቸው ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ቤት ገዙ። ያንን ቤት ነው ለሚሲዝ ግሌኒስ ሾው ያከራዩት። ሚሲዝ ሾው እዚያ ቤት ባላቸውን ቀብረው ልጃቸውን ድረዋል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በቤቱ ላይ የተደረገ ጥገና ቢኖር የበሩ ቀለም ነው። እሱም ቢሆን ከጸሎት ቤቱ አጥር የተረፈ ቀለም ስለሆነ በሩና አጥሩ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ግን ዛሬም «ሚስተር ሆይል» እና «ሚሲዝ ሾው» ነው የሚባባሉት። በስም መጠራራት የጀመሩ ዕለት ምናልባት ስላልተጠገነው ጣሪያ መነጋገር ሊኖርባቸው ነው።

እንግዲህ ሕጉ መጣ።

ሕጉ ቀላል ነው። ቤት የሚያከራይ ሰው ሁሉ ቤቱ ሙቀት ምን ያህል እንደሚይዝ ያስመረምራል፤ ቤቱም እንደ ተማሪ ውጤት ይሰጠዋል። ምርጡ «ኤ» ነው፣ ከዚያ በፊደል ተራ እየወረደ የመጨረሻው «ጂ» ይሆናል። ከ«ኢ» በታች የወደቀ ቤት ካልተሻሻለ አይከራይም። ሚስተር ሆይል ይህን ሲሰሙ መንግሥት ብርድ ልብሳቸው ውስጥ ገብቶ እግራቸውን የነካቸው ያህል ተቆጡ። እናታቸው በዚያው ብርድ ውስጥ ሰባት ልጆች እንዳሳደጉ፣ ብርድ ማንንም ገድሎ እንደማያውቅ ለሰማው ሁሉ ተናገሩ። አባታቸው በሳንባ ምች አልነበረም ወይ የሞቱት ብዬ በየዋህነት ጠየቅኋቸው። እሱ እርጥበት ነው፣ ብርድ አይደለም አሉኝ።

መርማሪዋ የመጣች ቀን መሰላል እንድይዝ ሚሲዝ ሾው ጠርተውኝ ነበር። ሳሚና የምትባል እዚሁ ከተማ ያደገች ወጣት ናት፤ ትሕትናዋ ደስ ይላል። በየክፍሉ ስትዞር ሚስተር ሆይል ኮቴ በኮቴ እየተከተሉ ቤቱን ያሞግሱላት ጀመር። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው አሉ። ወፍራም ድንጋይ ብርዱን በደንብ እንደሚይዝ በትሕትና ነገረቻቸው። መስኮቱ አንድ መስታወት ብቻ መሆኑን ስትጽፍ፣ ሁለት መስታወት ለማን ተብሎ ነው፣ ከውጭ የሚታየው አንድ መንገድ ነው አሉ። ከዚያ መሰላሉ ላይ ወጥታ ከኮርኒሱ በላይ ራሷን አስገባች።

«ሚስተር ሆይል፣ እዚህ ላይ ምንጣፍ ነው ያለው።»

«አዎ። የእናቴ ምንጣፍ ነው። ሙቀት እንዳይወጣ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ።»

«ለዚህ የተሠራ ወፍራም መከላከያ ነው መነጠፍ ያለበት። ምንጣፍ አይቆጠርም።»

«ሱፍ እኮ ነው» አሉ ሚስተር ሆይል። «በጉ ብርድ ሲመታው ሱፌን ቁጠሩልኝ ይላል?»

ሳሚና ከመሰላሉ ስትወርድ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ሚሲዝ ሾው ግን ዕቃ የሚያነሱ መስለው ወደ ጓዳ ገብተው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የቤቱ ውጤት «ኤፍ» ሆነ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሚስተር ሆይል ቤቱን እንደሚሸጡት አስታወቁ። መንግሥት ሊያዝበት ከሆነ መንግሥት ይግዛው አሉ። የቤት ደላላ መጥቶ ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ሳሎኑን የሚያሞቀውን አሮጌ የጋዝ ምድጃ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሚሲዝ ሾው ሌላ መሄጃ የላቸውም። ከተማችን ውስጥ በእሳቸው ደመወዝ የሚገኝ ቤት የለም፤ ያላቸው ምርጫ ባሕሩ ዳር ያለችው ልጃቸው ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ መተኛት ነው።  አንድ ቀን በራቸው ክፍት ሆኖ ሳልፍ የሠርጋቸውን ሳህኖች በጋዜጣ እየጠቀለሉ ካርቶን ውስጥ ሲደረድሩ አየኋቸው። ሥራቸውን፣ የጸሎት ቤቱን የመዘምራን ወንበር፣ የባላቸውን መቃብር በካርቶን መጠቅለል አይቻልም።

ፓስተራችን ሚስተር ሆይልን አነጋግርልኝ አሉኝ። እሺ ብዬ መንገድ ላይ እየጸለይኩ ሄድኩ። እዚያ ቤት የሚገባ ሰው ለነፍሱም ለሳንባውም መጸለይ አለበት።

ሚስተር ሆይል ሻይ ሰጡኝ፤ የትናንት ይሁን የዛሬ አልጠየቅሁም። ሳሎናቸው ውስጥ እሳት የለም። ከአፌ እንፋሎት ይወጣል። እሳቸው ግን በአንድ ሹራብ ብቻ፣ ወንበራቸውን ከግድግዳው ጋር አጣብቀው፣ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው እንደ ድመት ተመቻችተዋል። በዚያ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት በትከሻቸው ልክ ተልጦ ነጥቷል። ብዙ ዓመት የተደገፉት ሰው መልክ ወጥቶበታል ማለት ይቻላል። ተነስቼ እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ከምድጃ የወጣ ዳቦ ይመስል ሞቋል።

ከዚያ ግድግዳ ጀርባ የሚሲዝ ሾው የጋዝ ምድጃ አለ። ሚስተር ሆይል ክረምቱን ሁሉ የሚሞቁት በተከራያቸው ጋዝ ነው። የከፈሉት ሚሲዝ ሾው፣ የሞቁት እሳቸው። ደግሞ ኪራይ ይቀበላሉ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄን ሻዩ ውስጥ ደበቅሁት። ከዚያ ስለ ምሕረት ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተውኩትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው። ቤቱን የሚገዛው ሰው ማን ይሆን? ከደቡብ የመጣ ሀብታም ከሆነ ለዕረፍት ጎብኚ ያከራየዋል፤ ክረምት ክረምት ባዶውን ይቀመጣል። ባዶ ቤት ደግሞ እሳት የለውም። ይህን ስል ግድግዳውን ቀና ብዬም አላየሁ። ሚስተር ሆይል ስኒያቸውን አስቀመጡ። 

ደላላው በዚያው ሳምንት ተሰናበተ። እሑድ ፓስተራችን እግዚአብሔር ልቡን ስላራራለት ወንድም አመሰገኑ። እኔም አሜን አልኩ። እግዚአብሔር በአህያ አፍ ከተናገረ በግድግዳ ቢናገር ምን ይገርማል።

ነገር ግን የቤቱ ውጤት ያው «ኤፍ» ነው። ሚስተር ሆይል ሕጉን እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጭ ብለው አነበቡት፤ ብዙ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን እንደሚያነበው ማምለጫ ፍለጋ ነው። አገኙም። ተከራይዋ ራሷ እድሳቱን አልፈልግም ካለች አከራዩ ለጊዜው አይገደድም። በማግስቱ ኬክ ገዙ። ሚስተር ሆይል ኬክ ገዙ የሚለው ወሬ መንገዳችንን ከዳር እስከ ዳር ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

ኬኩን ይዘው ሚሲዝ ሾው ዘንድ ሄዱ። ያ የጋዝ ምድጃ እንዴት ግሩም ምድጃ እንደሆነ፣ ዳቦ እንደሚጠበስበት፣ ሠራተኞች ቢመጡ ነቅለው እንደሚጥሉት፣ አቧራው እንደማይቻል ተረኩላቸው። አንዲት ቃል፣ «አልፈልግም» የምትል ብቻ፣ ጽፈው ቢሰጧቸው ሁሉም ሰላም እንደሚሆን ነገሯቸው። ሚሲዝ ሾው አስብበታለሁ አሉና ኬኩን ተቀበሉ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ከኬኩ የመጨረሻውን ቁራሽ እኔ ፊት እያደረጉ።

«እንግዲህ ይኸው ነው» አሉኝ። «ሰውዬው ለእሳቴ ሲሉ ኬክ ገዙ።»

ስለ ግድግዳው ያውቁ እንደሆን ጠየቅኋቸው። ድሮ ነው የማውቀው አሉ። የወንበሩን ሲጢጥታ ይሰማሉ። ሳላቸውን ከሟች ባላቸው ሳል ይበልጥ ያውቁታል። ብርዱ ሲጠና፣ ሳሉ ሲበዛ፣ እሳቱን አንድ ደረጃ ከፍ ያደርጉላቸዋል፤ እሳቸው ራሳቸው ሞቋቸው መስኮት እየከፈቱ ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ብነግራቸው ኪራይ ይጨምሩብኛላ» አሉ ሚሲዝ ሾው። «ግድግዳው የእሳቸው ነው።»

ሳቅን። ከዚያ ሳቃቸውን ገቱና መኝታ ቤታቸውን አሳዩኝ። በአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ በሻጋታ ጠቁሯል። ሐኪማቸው ደረታቸውን ካዳመጠ በኋላ የሚተኙት የት እንደሆነ ጠይቋቸዋል።  እድሳቱን እሺ ቢሉ የእሳቸው ደረት ይድናል፣ የሚስተር ሆይል ጀርባ ግን ይበርዳል። ሚሲዝ ሾውም ይህን አስበውበታል፤ ሳምንት ሙሉ ነው ያሰቡበት። በመጨረሻ ደጃፍ ላይ ቆመው ለሚስተር ሆይል መልሱን ሰጧቸው። ሕጉን አልቃወምም፣ ኬኩ ግን በጣም ጥሩ ነበር አሏቸው።

ሠራተኞቹ በመከር መጡ። የጋዝ ምድጃውን ነቀሉት። የጭስ ማውጫውን ደፈኑት። ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ምንጣፍ አውጥተው ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ሲጥሉት፣ ሚስተር ሆይል ከኋላ አንስተው በራሳቸው ጣሪያ ላይ አነጠፉት፤ የእሳቸው ቤት እንዲህ ነው የታደሰው። በሚሲዝ ሾው መስኮቶች ሥር ሙቅ ውሃ የሚዞርባቸው ማሞቂያዎች ተተከሉ። ሁሉም ከግድግዳው ርቀው፣ በመንገዱ በኩል ናቸው። ቤቱ በድጋሚ ሲመረመር «ሲ» አገኘ። ሚስተር ሆይል ወረቀቱን ጸሎት ቤት ይዘው መጥተው፣ እንዲህ ነው አከራይ ማለት እያሉ ለምእመኑ አሳዩ። ያኔ ሚሲዝ ሾው ከመዘምራኑ ወንበር ላይ ሆነው ሹራባቸውን አወለቁ፤ ቤታቸው ከሞቀ ወዲህ ሹራብ እየከበዳቸው ነው አሉ።

ክረምቱ ገባ። የሚስተር ሆይል ግድግዳ ቀዘቀዘ።

መጀመሪያ አላመኑም። እንደ ሐኪም እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አዛወሩ። ሠራተኞቹ የቤቱን ጅማት በጥሰውታል አሉ። እኔም በምችለው ትሕትና የራስዎንም ቤት እንዲሁ ቢያሳድሱትስ አልኳቸው። የሰሙኝ ኃጢአት እንደመከርኳቸው ሆነው ነው።

«ሕጉ ለተከራይ ነው የወጣው» አሉ። «የቤቱ ባለቤት የሆነ ሰው እንደፈለገ የመብረድ መብት አለው።»

እውነታቸውን ነው። እሳቸው የሚኖሩበትን ቤት ለሌላ ሰው እንዲያከራዩ ሕጉ አይፈቅድላቸውም፤ በውስጡ እንዲኖሩ ግን አልከለከላቸውም። ሕግ አውጪዎቹ ለተከራይ አዘኑ፤ ራሱን የሚበድል አከራይ ይኖራል ብለው አላሰቡም።

ሳሉ በረታ። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ እሰማው ነበር ብል ትንሽ ማጋነን ይሆናል፤ ሚሲዝ ሾው ግን ቃል በቃል ይሰሙታል። አንድ ቀን ከጸሎት ቤት ስንወጣ አብረን ተራመድን። ድሮ ሲያስሉ እሳቱን ከፍ አደርግ ነበር፣ አሁን ምን ከፍ ላድርግ አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የደላላው መኪና ትናንት ሚስተር ሆይል በር ላይ ቆሞ እንደነበር ነገሩኝ። ከደቡብ የመጣ ገዢ ይዞ ነው የመጣው። ቤቱ አሁን «ሲ» አለው፣ ዋጋው ጨምሯል። እንግዲህ እኔን ለማቆየት ምክንያት የሚሆናቸው እሳት የለኝም አሉ። ካርቶኖቹ ከአልጋው ሥር እንዳሉ ናቸው። ጸሎት ላይ አስበኝ ብለውኝ ሄዱ። አሰብኳቸው።

በተከተለው እሑድ፣ ሰዉ ሁሉ ሲወጣ፣ ሚስተር ሆይል ክንዴን ያዙኝና መዝሙር መጽሐፉ የሚቀመጥበት ጓዳ አስገቡኝ። በሩን ዘጉ። መብራቱን አላበሩም። ፊታቸው ከስቷል፣ አፍንጫቸው ቀልቷል። የፈራሁት ደረሰ አልኩ በልቤ፤ እንግዲህ ለሚሲዝ ሾው የምነግራቸው ቃል ከየት አመጣለሁ።

የደላላውን ነገር አነሱ። ገዢው ለዕረፍት ጎብኚ ሊያከራየው የሚፈልግ ሰው ነው አሉ፤ ክረምት ክረምት ቤቱ ባዶ ይሆናል። ይህን ካሉ በኋላ አሳላቸው።  እንደዚያ ዓይነት ሰው ጎረቤት አይሆነኝም ብዬ መልሼዋለሁ አሉ። ተንፈስ አልኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም፤ ጫማቸውን እያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፤ እኔ ሃምሳ ካለፈኝ ቆይቷል። «አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር።»

ምንም ቢሆን እንደማደርግ ነገርኳቸው።

«አንድ አከራይ ገንዘብ አውጥቶ ማሞቂያ ካስገባ፣ ማሞቂያው በደንብ መሥራቱን የመከታተል ግዴታ አለበት። ሕጉ ነው። ታዲያ ከመግባቱ በፊት ለተከራይዋ አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። ይህም ሕጉ ነው።»

«ልክ ነው።»

«እኔ ብነግራቸው ሌላ ነገር ሊመስላቸው ይችላል። አንተ ንገርልኝ። ከነገ ማታ ጀምሮ ማሞቂያውን ልመረምር እንደምመጣ።»

ምርመራው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቅኋቸው።

«ማታ ማታ ነው» አሉ ሚስተር ሆይል። «እስከ ፋሲካ ድረስ። እንዲህ ያለ ነገር በጥንቃቄ ነው የሚታየው። ለሚሲዝ ሾው በላቸው፣ ሻይ በማፍላት እንዳይቸገሩ፣ ጠጥቼ ነው የምመጣው። የግድ አፈላለሁ ካሉ ግን ስኳሩ ሁለት ማንኪያ ነው።»